ለአሮጌ ፒክአፕ የፊት መብራት ስትገዙ ከዋጋው በፊት መስታወቱን አንብቡ

አንድ ማታ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስነዳ፣ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅም መብራቱን ብልጭ እያደረገ ይቆጣኛል። እኔ ደግሞ አጭር ላይ ነኝ። ማንሻውን ደጋግሜ ነካሁት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ምልክት አየኋት፣ ጠፍታለች። በመጨረሻ አንድ የአይሱዙ ሹፌር መስኮቱን አውርዶ «ኧረ ሰውዬ፣ ዓይናችንን እኮ አጠፋኸው!» ብሎኝ አለፈ። መብራቶቹን ከገዛሁ ገና ሦስት ቀኔ ነበር። ያገለገሉ ናቸው፣ ግን እንደ አዲስ ያብረቀርቃሉ፣ ቦታቸው ላይ ልክክ ብለው ገብተዋል፣ ዋጋቸውም ደህና ነበር። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎኛል። አልዋሸም፣ ኦርጅናል ነበሩ። ግን የተሠሩት በመንገዱ ግራ በኩል ለሚነዳ አገር ነው።

አጭር መብራት ግድግዳ ላይ ስታዩት የላይኛው ጠርዙ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በእኛ አገር መኪና ላይ ግራው ዝቅ ይላል፣ ቀኙ ከፍ ብሎ ይወጣል። ግራው ዝቅ የሚለው ከፊት የሚመጣውን ሰው እንዳይወጋ ነው። ቀኙ ከፍ የሚለው ደግሞ የመንገዱን ዳር፣ ማለትም እግረኛውን፣ ከብቱን፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አካባቢ በጨለማ ድንገት የሚገጥማችሁን ጋሪ እንዲያሳያችሁ ነው። በግራ የሚነዱ አገሮች መብራት ይህንን ገልብጦ ይሠራል። እዚህ ስትገጥሙት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል፣ የእናንተን ዳር ደግሞ ጨለማ ያደርገዋል። ሁለት ኪሳራ በአንድ ዋጋ።

ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምትነዳው። ጃፓን፣ ታይላንድ፣ እንግሊዝና ኬንያ ዛሬም በግራ ናቸው፣ ያገለገለ የፒክአፕ ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነዚህ አገሮች ይመጣል። «የዱባይ ነው» ቢሏችሁም አትረጋጉ። ዱባይ በቀኝ ይነዳል፣ ግን እዚያ የሚሸጠው ያገለገለ ዕቃ ራሱ ከጃፓን የሄደ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መስታወቱን አንብቡ። መስታወቱ ላይ ወይም ጀርባው ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈች «ኢ» (E) የምትባል የእንግሊዝኛ ፊደል ከቁጥር ጋር ፈልጉ። አጠገቧ ቀስት ከሌለ በቀኝ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ ነው፣ ይሆናችኋል። ከመብራቱ ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ወደ ቀኛችሁ የሚያመለክት ቀስት ካለው በግራ ለሚነዱ ነው፣ መልሱት። ቀስቱ በሁለቱም ጫፍ ከሆነ ለሁለቱም እንዲሆን የተሠራ ነው፣ ግን ወደ ቀኝ መንገድ መስተካከሉን አረጋግጡ። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ በተሠሩት ላይ ይህ ምልክት ላይኖር ይችላል። ያኔ ሱቁ ውስጥ ባትሪ አስመጡ፣ አምፖል አስገቡ፣ አጭሩን ብቻ አብሩና ግድግዳ ላይ እዩት። ከጀርባው ሆናችሁ ስታዩ ከፍ የሚለው ቀኙ ነው? ጥሩ። ግራው ነው? ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ። «ባትሪ የለንም» የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁም ውጡ፣ ምክንያቱም ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ለጥፏል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። መብራቱ በእርግጥ መቀየር አለበት ወይ?

ብዙ ሰው መብራቱ ሲደክም ቶሎ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሮጣል። መጀመሪያ በመስታወቱ ወደ ውስጥ እዩ። ጀርባው ላይ ያለው አንጸባራቂ መስታወት መስሎ ካበራ ደህና ነው። ከተላጠ፣ ከጠቆረ ወይም አመድ ከመሰለ አልቆለታል፣ እሱን የሚያድን መድኃኒት የለም። የፊቱ ፕላስቲክ ብቻ ቢጫ ከሆነ ግን ፀሐይ ነው የጎዳው፣ ይጸዳል። በብርጭቆ ወረቀት በ800፣ በ1500፣ በ2000 ቁጥር፣ ውሃ እያስነካችሁ፣ ከዚያ በፖሊሽ፣ በመጨረሻም ፀሐይ በሚከላከል ግልጽ ቀለም መሸፈን። መጨረሻዋን ከዘለላችሁ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይጠወልጋል። የጥርስ ሳሙናውን ነገር እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ለፎቶ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ሽቦው ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ በቴስተር ባትሪውን ለኩ፣ ከዚያ አምፖሉ መሰኪያ ላይ ለኩ። ልዩነቱ አንድ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥፋቱ የመብራቱ ቤት አይደለም፣ ያረጀ ሽቦ፣ የዛገ መሰኪያ ወይም የደከመ ማብሪያ ነው። የሃሎጅን አምፖል ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ አካባቢ ይወድቃል። አንድ ሪሌ (ከባትሪው በቀጥታ ለመብራቱ ኃይል የሚያደርስ መቀያየሪያ) እና ወፍራም ሽቦ መጨመር ከአዲስ መብራት ይረክሳል። እዚህ ላይ ግን ለኤሌትሪሺያኑ ንገሩት፦ ብዙ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፖች ላይ ወደ አምፖሉ ሁልጊዜ የሚደርሰው ፖዘቲቩ ነው፣ ማብሪያው የሚቆርጠው ኔጋቲቩን ነው። ይህን ሳያውቅ የነካካ ሰው ፊውዝ እያቃጠለ ያመሻል።

እሺ፣ መቀየር አለበት ብላችኋል። «የሃይሉክስ ስጡኝ» ብላችሁ ግን አትግቡ። ሃይሉክስ ስሙ አንድ ነው እንጂ ፊቱ ብዙ ነው። ቪጎ የሚባለው ብቻ እንኳ በፈረንጆች 2011 ፊቱ ሲቀየር መብራቱም ተቀይሯል፣ የፊተኛው ለኋለኛው አይሆንም። እኔ የምመክረው አሮጌውን ፈታችሁ በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ መሄድ ነው። ሶማሌ ተራም ሂዱ ባህር ዳር፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ጆሮዎቹን (መኪናው ላይ የሚታሰርባቸውን ቅጥያዎች)፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንና መሰኪያውን አወዳድሩ። የምታዙት በስልክ ከሆነ የሊብሬውን የሻንሲ ቁጥርና የጀርባውን ፎቶ ላኩ። የቶዮታ ኦርጅናል የመብራት ቤት ቁጥሩ በ81130 ከጀመረ ቀኝ ነው፣ በ81170 ከጀመረ ግራ ነው። ቀኝና ግራ የሚባለውም ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ነው። መኪናው ፊት ቆሞ «ይሄ ግራው ነው» ብሎ ተቃራኒውን ገዝቶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ፣ ከአዲስ አበባ ነበር የተመለሰው።

አሮጌው ላንድክሩዘር ፒክአፕ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ክቡ መብራት 7 ኢንች፣ ማለትም 178 ሚሊ ሜትር ነው፣ ይህ ልክ በብዙ መኪና ላይ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። አራት ማዕዘኑም 200 በ142 ሚሊ ሜትር ከሆነ እንደዚሁ። ማስመሪያ ይዛችሁ ለኩ። የምትገዙት አምፖሉ ለብቻው የሚወጣ፣ ኤች ፎር (H4) የሚባለውን፣ ረጅምና አጭር በአንድ ላይ ያለውን የሃሎጅን አምፖል የሚቀበል ይሁን። ጠቅላላው አንድ ላይ የታሸገው ዓይነት ሲቃጠል ሁሉንም ነው የምትጥሉት።

ኦርጅናል፣ የታይዋን ወይስ ያገለገለ? ኪሳችሁ ከቻለ ኦርጅናል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ካልቻለ ደህና የታይዋን ሥራ፣ እንደ ዴፖና ቲዋይሲ ያሉት፣ ከተሰነጠቀ ኦርጅናል ይሻላል ባይ ነኝ። ስም የሌለው ኮፒ ግን በክብደቱ ይታወቃል፣ እጃችሁ ላይ እንደ ባዶ ሃይላንድ ይቀላል። ያገለገለ ከሆነ ጆሮዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ዳብሱ። በሙጫ የተጣበቀ ጆሮ ሱቅ ውስጥ አይታይም፣ ኮረኮንች ላይ ግን መብራቱ እስክስታ ይመታል። ማስተካከያ ብሎኖቹ በካቻቢቴ ሲዞሩ አንጸባራቂው አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ከጀርባ ያለው ጎማ ያልተሰነጠቀ ይሁን፣ ውስጡ ደግሞ የደረቀ የውሃ መስመር አይኑርበት። እንጅባራና ዳንግላ ክረምቱን ዝናብ እንዴት እንደሚያወርደው የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ውሃ አንዴ የገባበት መብራት አንጸባራቂው ሲላጥ ጊዜ አይፈጅበትም። ራቅ ብላችሁ ሳይሆን ቀረብ ብላችሁ፣ በስልክ ባትሪ እያበራችሁ እዩ።

ኤልኢዲ አምፖል እንዲጨምርላችሁ ሻጩ ይወተውታል። ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ይበተናል፣ ለእናንተ ነጭ ይመስላል፣ ለሚመጣው ሰው ግን ቅጣት ነው። ባለ 100 ዋቱም ፕላስቲኩንና መሰኪያውን ያቀልጣል። 60/55 ዋት (ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55) በቂ ነው፣ ቮልቴጁ ከደረሰለት።

ከገጠማችሁ በኋላ ሳታስተካክሉ እንዳትነዱ! ሜዳ ቦታ ላይ፣ ጎማው በልኩ ተነፍቶ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቁ። የመብራቱን መሐል ከፍታ ከመሬት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በኖራ አስምሩ። አጭሩ ሲበራ የግራው መቁረጫ፣ ማለትም ብርሃኑ ከላይ የሚያበቃበት ጠርዝ፣ ከዚያ መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ዳሽቦርዳችሁ ላይ የመብራት ከፍታ መዞሪያ ከሌላችሁ ይህን በባዶ መኪና አታድርጉት፣ ሁልጊዜ የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ እንጂ። ከቡሬ በርበሬ የምትጭኑ ከሆነ ጆንያው ሲደረደር ኋላው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል። ዳሽቦርዳችሁ ላይ ከ0 ጀምሮ ቁጥር ያላት ትንሽ መዞሪያ ካለች ለዚህ ነው የተሠራችው። እሷ ያላችሁ መብራቱን በባዶ መኪና፣ 0 ላይ ሆናችሁ አስተካክሉ፣ ስትጭኑ ቁጥሩን ጨምሩ። የሌላችሁ ካቻቢቴዋን ከወንበር ሥር አታውጧት።