ቦስ ሲያስቸግር ምን ይደረግ?

አስቸጋሪ አለቃ ዓይነቱ ብዙ ነው። ቁጡው ጮኾ ጮኾ ይበርድለታል፣ ይለመዳልም። እኔ የምፈራው ኮሪደር ላይ «እሱን ተወውና ይሄን ጨርስ» ብሎ አዝዞ፣ በማግስቱ ስብሰባ ላይ «ማን ተው አለህ?» የሚለውን ነው (አለቃችሁ ሴት ከሆነች በሷ አንብቡት)።

ከዚህ ሰው ጋር «ብለዋል፣ አላልኩም» ውስጥ አትግቡ፣ አታሸንፉም። በቃል ያዘዛችሁን ሁሉ እዚያው ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ መልሱለት። ኢሜይል ካለ በኢሜይል፣ ከሌለ በቴሌግራም፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ ጠዋት እንደነገሩኝ የጨረታውን ሰነድ አስቀድማለሁ፤ የወሩ ሪፖርት ወደ ሐሙስ ይገፋል። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።»

በቃ። ክስ የለው፣ ሽሙጥ የለው። «ያርሙኝ» የምትለዋን ግን እንዳትዘሏት፣ ያለሷ መልእክቱ ማስረጃ ሰብሳቢ ያስመስላችኋል። ዝም ቢላችሁም ቀንና ሰዓቱ ተመዝግቧል። ቴሌግራም ላይ ግን እሱ ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ስለሚችል ስክሪንሾት አንሱ።

በሰው ፊት ሲዘልፋችሁ እዚያው አትመልሱ። ትንሽ በረድ ሲል ቢሮው ገብታችሁ «ስህተቴን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ለብቻዬ ይሁን» በሉት። ካልሰማ እሱ የሚያከብረው አንጋፋ ባልደረባ አይጠፋም፣ ጣልቃ እንዲገባ ለምኑት፤ ሽምግልና ለትዳር ብቻ አይደለም። ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ቢሆን ደመወዙን የሚከፍለው ያው ድርጅቱ መሆኑን ሳትረሱ። «ይጠላኛል» ብላችሁ ከሄዳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ቀን፣ ትእዛዝና ስክሪንሾት ይዛችሁ ሂዱ።

ሕጉንም እወቁት። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው (የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፣ የሥራ መሪዎችም በዚህ አይሸፈኑም)። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያውም ቀን ላይ አንድ ተኩል፣ በሳምንት እረፍት ቀን ሁለት፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ «ቅዳሜ ማታ ብቅ በል» ሲልም በጽሑፍ ያዙት፤ ያልተከፈለ ኦቨርታይም በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቃችሁት በይርጋ ይቀራል።

ደግሞ ሥራ አታርፍዱ! በጽሑፍ ተነግሮት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፣ ቂም የያዘ አለቃ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገላብጠው የሰዓት ፊርማውን ነው።

ሁሉም ካልሆነና ሌላ ሥራ ካገኛችሁ፣ በሩን ወርውራችሁ አትውጡ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ አስገቡና ኮፒው ላይ «ደርሶኛል» አስፈርሙ። አንዳንዱ አለቃ መጨረሻ ላይ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዞ ያስለምናል፤ መስጠት ግን የአሠሪው ግዴታ ነው፣ ያውም በነፃ። ደብዳቤውን ስትቀበሉ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ መጻፉን፣ ማኅተሙም መኖሩን እዚያው ቆማችሁ እዩ።