ልጃችሁ ከሃይስኩል ሙያ ይዞ እንዲወጣ ምን ታደርጋላችሁ? አሜሪካ ለምትኖሩ ወላጆች

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ሃይስኩል የሚማር ልጅ ዲፕሎማውን ሳይቀበል በፊት የነርስ ረዳት ፈቃድ ወይም የኮምፒውተር ኔትወርክ ሰርተፊኬት ሊይዝ ይችላል። ያውም የትምህርት ክፍያ ሳይከፍል። ይሄ ትምህርት ካሪር ኤንድ ቴክኒካል ኤጁኬሽን ይባላል፣ ባጭሩ ሲቲኢ። እኛ ሙያና ቴክኒክ የምንለው ነው። ግን ትልቅ ልዩነት አለው። አገር ቤት ወደ ሙያና ቴክኒክ የሚሄደው ባብዛኛው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ነው። እዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ጠዋት ካልኩለስ የተማረ ልጅ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ገብቶ ሽቦ ሲያገናኝ ይውላል። ከዚያም ኮሌጅ ይገባል።

ይሄን ያልሰማ ወላጅ "የኔ ልጅ ኮሌጅ ነው የሚገባው" ብሎ ገና ሳይጠይቅ በሩን ይዘጋዋል። ለእጅ ሥራ ያለን የቆየ ንቀትም አብሮን ተሰዶ መጥቷል። ኮሌጅ ይግባ፣ እሰየው። ግን ኮሌጅ ሲገባ በሰዓት ጥሩ የሚከፈልበት ሙያ በእጁ ቢኖር ምን ይጎድልበታል?

ነገሩ አዲስ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ለሃይስኩል የሙያ ትምህርት ገንዘብ መመደብ የጀመረው በ1917 በወጣው የስሚዝ ሂዩዝ ሕግ ነው። አሁን የሚሠራበት በ2018 የታደሰው የፐርኪንስ ሕግ ነው፤ በየዓመቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለስቴቶች ያከፋፍላል። ሜሪላንድ ደግሞ ብሉፕሪንት በሚባለው የትምህርት ሕጓ ትልቅ ግብ አስቀምጣለች። በ2030–31 የትምህርት ዘመን 45 በመቶ የሚሆኑት የመንግሥት ሃይስኩል ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የሙያ ሰርተፊኬት እንዲይዙ ወይም የአፕረንቲስ (እየተከፈለ ሥራ ላይ የሚማሩበት) ሥልጠናውን የሃይስኩል ክፍል እንዲጨርሱ ትፈልጋለች። ስለዚህ ዕድሉ እየሰፋ ነው። የኛ ልጆች እንዳያመልጣቸው እንዴት እንሂድበት?

መጀመሪያ፦ ጊዜውን ያዙ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የሙያ ፕሮግራሞች ባብዛኛው የሚጀምሩት 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ነው። ምዝገባው ግን የሚካሄደው ከዚያ በፊት ባለው የትምህርት ዓመት፣ በብርዱ ወራት ነው። ብዙ ቦታ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ልጆች የሚቀጥለውን ዓመት ኮርስ ይመርጣሉ። ልጁ ቅጹን በስልኩ ሞልቶ ይጨርሰዋል፤ እናንተ ወሬውንም አትሰሙ። አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ 9ኛ ክፍል ላይ ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ አለው።

ስለዚህ ልጃችሁ 8ኛ ክፍል ሳለ ማጣራት ጀምሩ። ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ጋር ቀጠሮ ያዙ። ሄዳችሁ "ሲቲኢ ፕሮግራሞቻችሁ የትኞቹ ናቸው? ማመልከቻው መቼ ይከፈታል?" ብቻ በሉ። ፌብሩዋሪ በመላው አገሪቱ የሲቲኢ ወር ተብሎ ይከበራል፤ በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤቶች ወርክሾፖቻቸውን ለወላጅ ክፍት የሚያደርጉበት ቀን ካለ እንዳያመልጣችሁ። ልጃችሁ 10ኛ ክፍል ደርሶ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ያኔም መግባት ይቻላል፤ ምርጫው ነው የሚጠበው።

ቀጥሎ፦ የት እንደሚሰጥ እወቁ

አንዳንዱ ፕሮግራም ልጁ በሚማርበት ሃይስኩል ውስጥ አለ። ሌላው ከብዙ ትምህርት ቤት የተውጣጡ ልጆች በሚማሩበት ማዕከል ይሰጣል። ልጁ ግማሽ ቀን እዚያ ይውላል፣ ግማሹን የራሱ ትምህርት ቤት። ጓደኞቹንም የኳስ ቡድኑንም አያጣም።

ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለው ቶማስ ኤዲሰን የቴክኖሎጂ ሃይስኩል እንደዚህ ነው። አናጢነት፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ የመኪና ጥገና፣ የጤና ሙያ፣ የውበት ሥራ ይሰጣል። የግንባታ ተማሪዎቹ ሰው ገዝቶ የሚኖርበት እውነተኛ ቤት ሠርተው ያስረክባሉ። ቨርጂኒያ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ በበኩሉ በስድስት ሃይስኩሎች ውስጥ አካዳሚ የሚላቸው ማዕከላት አሉት። ዲሲ በ2022 ለመንግሥትም ለቻርተርም ተማሪዎች የሚሆን የቴክኒክ ማዕከል ከፍታለች። ሲያትል አካባቢ የምትኖሩ ቡሪየን ያለውን ፒዩጀት ሳውንድ ስኪልስ ሴንተርን ጠይቁ። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ያላችሁ ደግሞ ፒክንስ ቴክኒካል ኮሌጅን። ሌላ ከተማ ያላችሁ የካውንቲያችሁን ስም ከሲቲኢ ጋር አድርጋችሁ ጉግል ብታደርጉ ይመጣላችኋል።

ስለ አውቶቡስም አብራችሁ ጠይቁ። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ከሰዓት በኋላ ልጅ ማመላለስ አትችልም፤ ብዙ ቦታ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያጓጉዛል።

ምርጫውን ለልጁ ስጡት

"ነርሲንግ ያዋጣል፣ እሱን ያዝ" ብላችሁ አታስገድዱ። ደም ሲያይ የሚያዞረው ልጅ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አይዘልቅም። "ስታድግ ምን ትሆናለህ?" የሚለውም ጥያቄ ብዙ አያስኬድም፤ የሚመጣው መልስ እናንተ መስማት የምትፈልጉት ነው። ይልቅ ምን ሲሠራ ሰዓቱ ሳይታወቀው እንደሚያልፍ ጠይቁት። ከዚያ አብራችሁ ሂዱና ወርክሾፑን እዩ። መሣሪያውን ይንካው፣ የሚማሩትን ልጆች ያናግር።

ሴት ልጃችሁ ኤሌክትሪሺያን ልሁን ካለች አትሳቁባት። የፐርኪንስ ሕግ ራሱ ሴቶች የወንድ በሚባለው ሙያ፣ ወንዶችም የሴት በሚባለው እንዲገቡ ትምህርት ቤቶች ድጋፍ እንዲያደርጉ ይጠይቃል።

ለካውንስለሩ የምታቀርቡት ዋናው ጥያቄ

ከሁሉም በላይ ይሄን ጠይቁ፦ ልጄ ሲጨርስ በእጁ ምን ይዞ ይወጣል?

የፕሮግራሙ ስም አያታልላችሁ። "የጤና ሳይንስ አካዳሚ" የሚል ያማረ ስም ኖሮት መጨረሻው የተሳትፎ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስሙ የማይማርክ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ሥራ የሚያስገባ ፈቃድ ይሰጣል።

የነርስ ረዳትን፣ ማለትም ሲኤንኤን እንውሰድ። ስንቱ አበሻ ነው አሜሪካ እንደመጣ ከኪሱ ከፍሎ የወሰደው! የፌዴራል ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ በአሠልጣኝ ፊት የሚደረግ የተግባር ልምምድ ነው። ብዙ ስቴቶች ከዚህ በላይ ሰዓት ይጠይቃሉ። ከዚያ የስቴቱ ፈተና አለ። ሃይስኩሉ ይሄንን ሥልጠና የሚሰጥ ከሆነ ልጅቷ 18 ዓመቷ አካባቢ ፈቃድ ይዛ ትወጣለች። ነርስ ለመሆን ኮሌጅ ስትገባ ታካሚ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ የደም ግፊት እንዴት እንደሚለካ ታውቃለች። ቅዳሜና እሁድም በሙያዋ ትሠራለች። ስለዚህ ካውንስለሩን "ጤና ታስተምራላችሁ ወይ?" ሳይሆን "ተማሪዎቻችሁ የስቴቱን የሲኤንኤ ፈተና ይወስዳሉ ወይ? ባለፈው ዓመት ስንቱ አለፉ?" በሉት።

የፀጉርና የውበት ሥራም እንዲሁ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለኮስሞቶሎጂ ፈቃድ 1,500 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። የግል ትምህርት ቤት ለዚህ ብዙ ሺህ ዶላር ያስከፍላል። ሃይስኩል ውስጥ የተሞላው ሰዓት የሚቆጠር ከሆነ ያ ሁሉ ገንዘብ ተረፈ ማለት ነው። ዋናው ነገር ሰዓቱ ፈቃዱን በሚሰጠው የስቴቱ ቦርድ ዘንድ መቆጠሩ ነው። በኮምፒውተሩ በኩል የኮምፕቲያ ኤ ፕላስና ሴኩሪቲ ፕላስ፣ የሲስኮው ሲሲኤንኤ አሠሪዎች የሚያውቋቸው ሰርተፊኬቶች ናቸው።

ትንንሽ ካርዶችም አሉ። ኦሻ 10 የሚባለው የአሥር ሰዓት የሥራ ደህንነት ሥልጠና ነው። ጥሩ ነው፣ ግንባታ ለሚገባ ልጅ ይጠቅመዋል። ግን ያንን ካርድ ብቻ አይቶ የሚቀጥር የለም። የሁለት ዓመት ፕሮግራም መጨረሻው ኦሻ 10 ብቻ ከሆነ እኔ ልጄን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የኮሌጅ ክሬዲት ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙ፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉና። አንዱ ዱዋል ኢንሮልመንት ነው። ልጁ ያኔውኑ የኮሌጅ ተማሪ ሆኖ ይመዘገባል፣ ውጤቱም በኮሌጁ ትራንስክሪፕት (የውጤት መዝገብ) ላይ ይሰፍራል። ሌላው አርቲኩሌትድ ክሬዲት የሚባለው ነው። ይሄኛው ቃል ኪዳን ብቻ ነው፤ ልጁ በኋላ ስምምነት ያለው ኮሌጅ ከገባና ራሱ ካመለከተ ነው የሚቆጠርለት። ሌላ ኮሌጅ ከገባ ይቀራል። "ክሬዲት አለው" ሲሏችሁ "የትኛው ዓይነት?" በሉ።

የፈተናውን ክፍያ፣ የደንብ ልብሱንና የመሣሪያውን ዋጋ ማን እንደሚችልም አትርሱ። ካልቻላችሁ ንገሯቸው፤ ብዙ ዲስትሪክት ይሸፍናል። ፕሮግራሙ ልጁ ከሚፈልገው የሒሳብ ወይም የኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ) ኮርስ ጋር እንዳይጋጭም የአራቱን ዓመት መርሐ ግብር ከካውንስለሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውጡ።

ከትምህርት ቤት ውጭም ጠይቁ። ሙያ ከጎረቤት ይባላል። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም እቁብ ላይ የምታገኙት ኤሌክትሪሺያን የትኛው ወረቀት እንደሚያስቀጥር ከካውንስለሩ በላይ ያውቃል።

እንግሊዝኛ እንቅፋት አይሁንባችሁ

ልጃችሁ በቅርቡ መጥቶ ከሆነና ገና እንግሊዝኛ እየተማረ ከሆነ "መጀመሪያ ቋንቋውን ይቻል፣ ከዚያ እናየዋለን" ሊሏችሁ ይችላሉ። ይሄን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። በፌዴራል የሲቪል መብት ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ አልቻለም ተብሎ ብቻ ተማሪ ከሙያ ፕሮግራም አይከለከልም። የፐርኪንስ ሕግም እንግሊዝኛ ተማሪዎችን ልዩ ድጋፍ ከሚገባቸው መካከል በስም ይጠቅሳቸዋል። ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ በትህትና ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ይፈታል።

ለእናንተም አስተርጓሚ ይገባችኋል፣ በነፃ። ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛ ከሚገለገሉበት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ዋና ዋና መረጃዎችን በአማርኛ ያወጣሉ። እባካችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ ውጤትና መቅረት ሲተረጉም የሚያልፋት ነገር አትጠፋም።

ሲያመለክትና ከገባ በኋላ

ተፈላጊ ፕሮግራሞች ወረፋ አላቸው። ሲመርጡ ብዙዎቹ ከነጥቡ ሌላ የክፍል መገኘትንም ያያሉ። ብየዳ ማሽን ፊት የሚቆም፣ ታካሚ የሚነካ ልጅ ቀሪ የሚያበዛ እንዲሆን አይፈልጉም። ከገባ በኋላም ይሄው ነው፤ ሰዓት ለሚጠይቅ ፈቃድ አንድ የቀረበት ቀን መካካስ አለበት። አገር ቤት ለረጅም ጊዜ ልትወስዱት ያሰባችሁ ከሆነ ጉዞውን ወደ ሰመር አድርጉት።

ክበባትም አሉ። ስኪልስዩኤስኤ ለቴክኒክ፣ ሆሳ ለጤና ሙያ ተማሪዎች ነው። ውድድር ያዘጋጃሉ፤ ከካውንቲ እስከ አገር አቀፍ ድረስ። ዓይን አፋር ልጅ እዚያ ሰው ፊት መቆም ይለምዳል፣ አሠሪዎችንም ያገኛል።

እየተከፈለው የሚማርበት አፕረንቲስ ከተገኘ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው። የተመዘገቡ የአፕረንቲስ ፕሮግራሞች ዝቅተኛ ዕድሜ 16 ነው። ደሞዝ ስላለው የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ሃይስኩል የመማር መብቱ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ለደሞዝ ሥራውና ለአንዳንድ ፈቃዶች ምን ሰነድ እንደሚጠየቅ ከጠበቃችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተማከሩ።

12ኛ ክፍል ላይ

ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። ሙያ የያዘ ልጅም ለኮሌጅ እርዳታ ማመልከት አለበት። አዲስ ነገርም መጥቷል፦ በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ፔል የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ቢያንስ 8፣ ግን ከ15 ያነሰ ሳምንት ለሚወስዱ የተፈቀዱ አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎችም ይሰጣል። ድሮ ለእንዲህ ዓይነት አጭር ኮርስ ፔል አይታሰብም ነበር። በ529 የትምህርት ቁጠባ ያስቀመጣችሁ ከሆነም ያው ሕግ ገንዘቡን ለታወቁ የሙያ ሰርተፊኬት ሥልጠናዎች እንድታውሉት ፈቅዷል።

ከምረቃው በፊት ወረቀቶቹን ሰብስቡ። የሰርተፊኬቱን ቁጥር፣ የሰዓት መዝገቡን በአስተማሪው ፊርማ፣ የአስተማሪውን የድጋፍ ደብዳቤ። ዱዋል ኢንሮልመንት ወስዶ ከሆነ ከኮሌጁ ትራንስክሪፕት ያስልክ፤ ሃይስኩሉ አይልክለትም፣ ራሱ ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ መጠየቅ አለበት። አርቲኩሌትድ ከሆነ የማመልከቻ ቅጹንና የጊዜ ገደቡን ጁን ሳይገባ ከካውንስለሩ ተቀበሉ፤ ሰመር ላይ ቢሮው ባዶ ነው።