ኪስ የሚገባ ሽጉጥ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ነክሷል» እያለ አንድ ጎረቤቴ የገባው ቡናው ሊቀዳ ሲል ነው። ቤቴ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ሲወጣ ገባ ብሎ ስለሆነ፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ መውጣቴን ሰፈሩ ያውቃል። ከመሀረቡ ውስጥ የወጣው ከአባቱ የወረሰው፣ ፈቃዱም ወደ ስሙ የተዛወረለት የጣሊያን ቤሬታ ነበር፤ ሞዴል 1934። ጎኑ ላይ 1937 የሚል ዓመትና በሮማ ቁጥር 15 ተቀርጾበታል፤ የፋሽስቱ መንግሥት 15ኛ ዓመት ማለት ነው።

ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት መያዣውን፣ አወጣሁ፣ ሽጉጡን ከፍቼ ባዶነቱን አየሁ፣ ከዚያ ሰባቱን ጥይት አንድ በአንድ አውጥቼ ከረከቦቱ ጠርዝ ላይ አቆምኳቸው። ቁመታቸው እኩል ነው። ግን አራቱ ከሦስቱ ትንሽ ወፈር ይላሉ። የሽጉጡ ሕመም እዚያው ረከቦት ላይ ቆሞ ይታይ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ከሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ «ሽጉጡ ተበላሸ» ይሉኛል። ስፈትሸው ግን በብዛት የተበላሸው ጥይቱ ነው፣ ወይም ኪሱ። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነብ ብረቱን ከመጠርጠርህ በፊት ጥይቱን ጠርጥር። የምጽፈውም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ላለው ሰው ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ችግር ሌላ ነው፣ መፍትሄውም ፖሊስ ጣቢያ እንጂ እኔ ጋ አይደለም።

ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ካዝናውን (ካርታ የምትሉትም አላችሁ) መጀመሪያ አውጣ። ቀጥሎ ተንሸራታቹን (ከላይ ያለውን ወደ ኋላ የሚሳብ ብረት) ወደ ኋላ ሳብና ውስጡን በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ዳስስ። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ስቦ ኋላ ካዝናውን ያወጣል። ሲስብ አንዱ ጥይት ወጣ፣ ሌላው ተተክቶ ገባ፣ እሱ ግን ባዶ ነው ብሎ ያምናል።

ምልክት፦ ተንሸራታቹ እስከ መጨረሻው አይዘጋም

ጥይቱ ገባ፣ ተንሸራታቹ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው ቆመ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በመዳፉ ይመታዋል። አትምታ። የጎረቤቴም ሽጉጥ ምልክት ይኸው ነበር።

ምክንያቱ «ዘጠኝ ሚሊ» የሚለው ስም ነው። ሱቅም ሆነ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ዘጠኝ ሚሊ ይባላል፣ ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለ። ሁለተኛው ቁጥር የቀልሃው፣ ማለትም ባሩዱን የያዘው ቀፎ፣ ርዝመት ነው እንጂ የጥይቱ ሙሉ ቁመት አይደለም። አንደኛው ዘጠኝ በ17 ነው፤ ጣሊያኖቹ ኮርቶ፣ ጀርመኖቹ ኩርዝ፣ አሜሪካኖቹ 380 ይሉታል፣ ሦስቱም አንድ ጥይት ነው። ሁለተኛው ዘጠኝ በ18፣ የሶቪየቱ ሽጉጥ የማካሮቭ ጥይት ነው። ሦስተኛው ዘጠኝ በ19፣ ፓራቤለም የሚባለውና ትልልቆቹ ሽጉጦች የሚጎርሱት ነው። አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም።

ተንኮለኛው የማካሮቭ ነው። ሙሉ ቁመቱ ከኮርቶው ጋር እኩል ነው፣ ወደ 25 ሚሊሜትር። የሚለየው ውፍረቱ ነው፤ የኮርቶው እርሳስ (ተተኩሶ የሚወጣው ጫፍ) 9 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የማካሮቭ 9.27 ነው። የቂጡ ጠርዝም 9.5 እና 9.95 ናቸው። ይህችን ልዩነት ዓይን ብቻውን ይስታታል። እኔ ፒያሳ ወርቅ ቤት ከሚሠራ ወዳጄ የቀለበት መለኪያ ካሊፐሩን ተውሼ ነው ለጎረቤቴ ያሳየሁት፤ ቁጥሩን ሲያይ ዝም አለ። ካሊፐር ከሌለህ የጥይቱን ቂጥ አንብብ። የሶቪየት ጥይት ላይ በአብዛኛው የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት ብቻ ነው ያለው፤ የሌላው አገር ብዙውን ጊዜ የጥይቱን ስም ይጽፋል።

ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል። ኮርቶውን ማካሮቭ ውስጥ ብትከተው ሊገባ፣ ሊተኮስም ይችላል። «ሠራልኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እርሳሱ ከአፈሙዙ ስለሚቀጥን በወጉ ሳይሽከረከር ይወጣል፣ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ሌላ የስም መመሳሰል አለ፦ 7.65 እና 7.62። የመጀመሪያው ዋልተር ፒፒኬን የመሳሰሉ የኪስ ሽጉጦች የሚጎርሱት አጭሩ የብራውኒንግ ጥይት ነው። ሁለተኛው የሶቪየቱ ሽጉጥ የቶካሬቭ ነው፤ አንገቱ እንደ ጠርሙስ የጠበበ፣ ረጅምና ኃይለኛ። በስልክ «ሰባት ስልሳ ምናምን» ብለህ ብታዝ የሚመጣልህ ምን እንደሆነ አምላክ ይወቀው።

መፍትሄው አንድ ነው፤ አፈሙዙ ወይም ጎኑ ላይ የተቀረጸውን፣ ፈቃድህ ላይ የሰፈረውንና የጥይቱን ቂጥ ሦስቱን አስተያይ። ሦስቱ ካልተስማሙ አትጫን።

ምልክት፦ ምላጩ ተሳበ፣ ቀጭ አለ፣ አልተኮሰም

ጥይቱ ከሸፈ። አፈሙዙን ከሰው አርቀህ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ፤ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ። ከዚያ ካዝናውን አውጥተህ ጥይቱን አውጣና ቂጡን እይ። መርፌው በደንብ ጎድጎድ አድርጎት ከሆነ ጥይቱ አርጅቷል ወይም ተበላሽቷል። ጭረት ብቻ ካለ ጥፋቱ የሽጉጡ ነው፤ የመምቻው ሞላ ደክሟል ወይም የመርፌው ቀዳዳ በደረቀ ዘይት ተሞልቷል። ሞላ መቀየርና መርፌ ማጽዳት ፈቃድ ላለው ጠጋኝ የሚተው ሥራ ነው።

ጥይትን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ፍቅር ነው። ሰው ሽጉጡን ሲቀባ ጥይቱንም አብሮ በዘይት ይወለውላል። ዘይቱ በቂጡ ጠርዝ ሰርጎ መለኮሻውን ያበላሻል። ጥይት በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ በቃ። ሁለተኛው የቆዳ ዝናር ነው፤ ቆዳው የተለፋበት ኬሚካል ከነሐሱ ጋር ተገናኝቶ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። አረንጓዴ የለበሰ ጥይት ካየህ አታጥበው፣ አትፈግፍገው፤ ለይተህ አስረክብ።

22 የሚባለው ትንሹ ጥይት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ይከሽፋል፤ መለኮሻው መሐል ላይ ሳይሆን ጠርዙ ውስጥ ስለተቀባ። ለኪስ መርጬ አላውቅም።

ምልክት፦ ድምፁ «ፑፍ» ብሎ ሞተ

አቁም። ሁለተኛ እንዳትስብ። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ቢመጣ አፈሙዙ ይፈነዳል። ካዝናውን አውጥተህ፣ ባዶ አድርገህ፣ ለጠጋኝ ስጥ።

ምልክት፦ ቀልሃው ሳይወጣ ተነክሶ ቆመ

ባዶው ቀልሃ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ መውጫው ላይ ይቆማል። ሽጉጡ ትንሽና ቀላል ሲሆን መጀመሪያ የያዘውን ሰው እጅ እጠረጥራለሁ። ተንሸራታቹ ወደ ኋላ እንዲሄድ እጁ ጠንክሮ መቆም አለበት፤ የእጅ አንጓ ከላላ ሽጉጡ በሙሉ አብሮ ይሄድና ቀልሃውን የሚጥልበት ጉልበት ያጣል። እጁ ደህና ከሆነ ቀልሃ አውጪውን ጥፍር እይ፤ ከሥሩ የተቃጠለ ባሩድ ይከማቻል። በጥርስ ብሩሽ ይጸዳል።

ምልክት፦ የላይኛው ጥይት ከካዝናው አልወጣም

በ7.65 ላይ ይህ የታወቀ ነው። የጥይቱ ቂጥ በትንሹ ጠርዝ አለው፤ የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ኋላ ከወደቀ ይቆላለፋሉ። ስትሞላ እያንዳንዱን የላይኛውን ከታችኛው ፊት አስቀድመው። አፋቸው የተቦረቦረ አጫጭር ጥይቶች ካዝናው ውስጥ ቦታ ስለሚተርፋቸው ይህን ችግር ያባብሱታል። ሌላው ምክንያት የካዝናው ከንፈር መጣመም ነው፤ ወድቆ ያውቃል ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ።

ቤሬታ 1934 ላይ ግን ጥፋት የሚመስል ጥፋት ያልሆነ ነገር አለ። ጥይቱ ሲያልቅ ተንሸራታቹን ከፍቶ የሚይዘው ካዝናው ራሱ ነው። ካዝናውን ስታወጣ ጠንከር ይላል፣ ከዚያ ተንሸራታቹ ጧ ብሎ ይዘጋል። ጣሊያኖቹ እንዲያ ነው የሠሩት፤ አትጠግነው። መቆለፊያውም ግማሽ ክብ ዞሮ የሚቆልፈው ምላጩን ብቻ ነው፣ መርፌውን አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አሮጌ ሽጉጥ አቀባብሎ ኪስ ውስጥ መክተት ድፍረት አይባልም።

ምልክት፦ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ከረረ

ኪስህን ገልብጥ። አንዴ የአንድ የጥበቃ ባልደረባዬን ሽጉጥ ፈታትቼ ጋቢ የሚያስሠራ የሚመስል የጨርቅ ብናኝ፣ አንድ የሽምብራ ቆሎ ገለባና የአውቶቡስ ትኬት ቁራጭ አውጥቻለሁ። ኪስ ውስጥ ለሽጉጥ የተሰፋ፣ ምላጩን የሚሸፍን ማኅደር ያስፈልጋል፤ በዚያ ኪስ ቁልፍም፣ ሳንቲምም፣ ቆሎም አይገባም። በክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ በደንብ አይደርቅም፣ ሰውነት በታክሲ ግፊያ ያልባል፤ በሳምንት አንዴ አውጥቶ በቀጭን ዘይት መጥረግ ነው። ማታ ማታ ማኅደሩ ውስጥ አታሳድረው።

ሽጉጡን ጠዋት አቀባብሎ ማታ እያወረደ፣ በማግስቱ ያንኑ ጥይት መልሶ የሚያጎርስ ሰውም አለ። ያ ጥይት በየቀኑ አፉ ሲመታ እርሳሱ ወደ ቀልሃው ይሰምጣል፤ የባሩዱ ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል። ከጎኑ አዲስ ጥይት አቁምና አስተያይ። ካጠረ አስወግደው።

ገና ልትመርጥ ከሆነ

ሰው የሚመርጠው በመልክ ነው፤ ጥቁር ነው፣ ነጭ ነው፣ ቀጭን ነው ይላል። እኔ ከኋላ ነው የምጀምረው፦ በሕጋዊ መንገድ ያለማቋረጥ የማገኘው ጥይት የትኛው ነው? ሽጉጡ ከዚያ ይመጣል። ማካሮቭ 730 ግራም ይመዝናል፣ ስምንት ይጎርሳል፣ ለኪስም ይከብዳል፤ ግን በደርግ ዘመን ያደግን ሰዎች እንደምናውቀው ቆሻሻ የሚችል ብረት ነው። ከ7.65 ያነሰ ጥይት የሚጎርሰው የ6.35 ሽጉጥ ከመዳፍ በታች ይሆናል፣ ጉልበቱም እንደዚያው።

ተንሸራታቹን ለመሳብ እጁ የደከመ ሽማግሌ ወይም እናት ካለች፣ በነዚህ ትንንሽ ሽጉጦች ጠንካራ ሞላ አታሰቃያቸው። አፈሙዙ ከኋላው ብድግ ብሎ ጥይት በእጅ የሚጎርስ ዓይነት አለ፤ ቤሬታ 950 በ6.35፣ የዚያው የቤሬታ ቶምካት በ7.65።

ጥይቱ አፉ ድቡልቡል፣ ዙሪያውን በመዳብ የተሸፈነው ይሁን። አፉ የተቦረቦረው ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነት ስለሚያጣ ብዙ ጊዜ አይከፈትም፣ አሮጌ ሽጉጥም አይወደውም። ድቡልቡሉ የራሱ ዕዳ አለበት፤ የኛ ሰፈር ግድግዳ ጭቃና ቆርቆሮ ነው፣ ጥይት አያቆምም። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት ተኝቷል። «ልሞክረው» ብሎ ግቢ ውስጥ መተኮስ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ሙከራ በተፈቀደ መተኮሻ ብቻ ነው።

በርካሽ የሚዞረውን፣ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ተሠርቶ ኋላ የተቦረቦረ የቱርክ ሽጉጥ ማንም ቢያሳይህ ዞር በል። አካሉ የዚንክ ቅልቅል እንጂ ብረት አይደለም፤ እውነተኛ ጥይት ሲተኮስበት እጅ ላይ ሊበተን ይችላል፣ ሕጋዊ የሚሆንበትም መንገድ የለም።

ጎረቤቴ ያን ቀን ሦስተኛውን ቡና ጠጥቶ፣ አራቱን የማካሮቭ ጥይት ለብቻ በወረቀት ጠቅልሎ ወጣ። በማግስቱ ጣቢያ ወስዶ አስረከበ። የቀሩት ሦስቱ ኮርቶዎች ቂጣቸው አረንጓዴ ለብሶ ነበር፤ እነሱንም አስከትሎ ሰጠ። ቤሬታው ተወልውሎ፣ ባዶውን፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። ጥይቱን እስካሁን በሕጋዊ መንገድ አላገኘም።