«ቺፕ» ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ለሱቃችሁ ወይም ለምታከራዩት ቤት በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ስትጽፉ «ቺፕ» (cheap፣ ርካሽ) ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቃሉን ሰው ላይ ሞክሩት። ስድብ ከሆነ እቃችሁ ላይ አትለጥፉት። «ቺፕ» የተባለ ሰው ቋጣሪ ነው፣ ወይም ክብር የሌለው። ያ ስሜት ሶፋው ላይም ያርፋል፤ ገዢው «ቶሎ የሚሰበር» ብሎ ያነበዋል። የእኛው «ርካሽ»ም እኮ እንዲሁ ነው፤ ነጋዴዎቻችን «በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚሉት ወደው አይደለም። ለዚህ የሚቀርበው «አፎርደብል» ነው፦ የገዢው አቅም የሚችለው። «ኢንኤክስፔንሲቭ» ደግሞ ስለ ዋጋው ብቻ ይናገራል፣ ጥራቱን አይነካም። ለአውሮፕላን ትኬት ግን «ቺፕ» ቢባል ችግር የለውም፤ ወንበሩ ያው ነው፣ ሰው የሚፈልገው ዝቅተኛውን ዋጋ ነው።