ማገዶ ስንመርጥና ስናደርቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ፣ ኩታበር፣ ወገል ጤና፤ በእነዚህ የወሎ ደጋ ከተሞች በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በዚያ ሰሞን ከምድጃው ጭስ ብቻ ከወጣ፣ ጥፋቱ የተሠራው ከወራት በፊት ነው።

ዋናው ስህተት ግንዱን ሳይፈልጡ ማስቀመጥ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግማሽ ያህል ክብደቱ ውሃ ነው። ድፍኑን ግንድ ዓመት ብታቆዩትም ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እንጨት ሲማገድ እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ያንን ውሃ በማትነን ነው። ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ ሲንሿሿ አይታችሁ ይሆናል። ጭሱ ደግሞ ምድጃ ሥር የሚውሉትን እናቶችና ሕፃናት ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ትኩስ እያለ ፍለጡት፤ ለመጥረቢያም ያኔ ይቀላል።

ጊዜውን አለማወቅም አለ። የካቲት ላይ ተቆርጦ እስከ ክረምት ይደርቃል ብላችሁ አትመኑ። የወሎ ደጋ በልግ አለው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ዝናብ ይደርስበታል። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲያባራ ቁረጡ፣ በጋውን አድርቁ። የዘንድሮው ለከርሞ ነው።

መሬት ላይ አትከምሩት። ሥሩ ድንጋይ አድርጉለት፣ ከግድግዳውም ስንዝር ያህል አርቁት። ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል፤ ከላይ ብቻ ሸፍኑት።

ገበያ ላይ የአህያው ጭነት ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትግዙ። ሁለት ፍልጥ አንስታችሁ አጋጩ። የደረቀው ቋ ይላል፣ የእርጥቡ ድምፅ የታፈነ ነው። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ የተሰነጣጠቀ፣ ቅርፊቱም በእጅ የሚላቀቅ ነው።

ወይራና ጥድ መማገድን እኔ አልደግፍም። የወይራ ፍም ጥሩ ነው፣ አይካድም። ግን እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ኮምቦልቻ አጠገብ የጎፍ ተራራ ላይ ያለውን ጥድ ያየ ሰው ለምድጃ አይመኘውም። ለዕቃ ማጠኛ ጥቂት የወይራ ስንጣሪ ይበቃል።

ቁልቋልና ቀለም የተቀባ ጣውላ ጭሳቸው መጥፎ ነው፤ አታንድዷቸው።

ብርድ ፈርቶ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ፍም ቤት ውስጥ ትቶ መተኛት ግን ሕይወት ያሳጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ ያመነጨዋል። ከመተኛታችሁ በፊት ፍሙን አውጡና ጋቢ ደርቡ። እሳት እየሞቃችሁ ራሳችሁን ካመማችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ።