ኤችአይቪ ያለበት ሰው ራስ ምታት አልለቅ ሲለው፦ በነባር ሕዝቦች መሃል ለምታስታምሙና ለምትሠሩ

ከጤና ተቋም ርቀው በሚኖሩ ነባር ሕዝቦች መሃል ለምትሠሩ ወይም እዛው ተወልዳችሁ ቤተሰብ ለምታስታምሙ ነው ይሄን የምጽፈው። እንዲህ ያለው ራስ ምታት ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። እንደኔ ከፈንገሱ እኩል የሚገድለው፣ ታማሚው በራሱ ቋንቋ የሚሰማው አጥቶ "ወባ ነው"፣ "ቲቢ ነው" እየተባለ የሚባክነው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ሲዲፎሩን፣ ማለትም በደሙ ያሉትን የበሽታ መከላከያ ሴሎች ቁጥር፣ እወቁ። ከ200 በታች ከሆነ ስጉ፣ ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ ምንም ባያመውም የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን (የፈንገሱን ርዝራዥ የሚፈልግ) ምርመራ ይሠራለት በሉ። ምርመራው ቀላል ነው፣ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች ስትሪፕ ናት፣ 10 ደቂቃ አካባቢ ትፈጃለች፣ ምልክት ሳይታይ ሳምንታት ቀድማ ፈንገሱን ታሳውቃለች። መድኃኒት አቋርጦ የተመለሰም ሰው ሲዲፎሩ እንደገና ይለካ፣ የድሮ ቁጥሩን ይዛችሁ እንዳትዘናጉ።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ አንድ ሁለት ሳምንት እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ብርሃን ማስጠላት፣ ከዛ መቀባዠር። ብዙ ጊዜ አንገት አይደርቅም እኮ፣ ስለዚህ አንገቱ ደህና ነው ብላችሁ ማጅራት ገትር አይደለም አትበሉ። "ራስህን ያምሃል?" ብሎ ማለፍም አይበቃም፣ ሌሊት አስተኛህ ወይ፣ ሰው ሁለት ሆኖ ይታይሃል ወይ ብላችሁ በቋንቋው ጠይቁት። እባካችሁ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፣ ማን አባት ነው ልጁ ፊት ስለ ኤችአይቪ የሚያወራው?

ወደ ሆስፒታል ከመነሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፉና ያዙ፦ "ከጀመረው 11 ቀን። ሌሊት ይብሳል። ትናንት 3 ጊዜ አስመለሰ። ሲዲፎር 64። ፀረ ኤችአይቪ ካቆመ 4 ወር።" ተረኛው ሐኪም ቋንቋ ባይችል እንኳ ይቺን ያነባል።

ሆስፒታል ከጀርባ ፈሳሽ እንቅዳ ሲሉ ቤተሰብ ሽባ ያደርገዋል ብሎ ይፈራል። መርፌው የሚገባው ዋናው ነርቭ ካበቃበት በታች ነው ብላችሁ አስረዱ፣ ደግሞ ፈሳሹ ሲወጣ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ መቅዳቱ ራሱ ሕክምና ነው፣ ግፊቱ ከተመለሰ በየቀኑም ሊደገም ይችላል።

ሕክምናውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያስቀደመው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ላይፖሶማል አምፎተሪሲን ቢ፣ ከሱ ጋር ለ14 ቀን ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ነው፣ ሦስቱም የፈንገስ መድኃኒቶች ናቸው። ፍሉኮናዞል ብቻውን ደካማ ነው፣ እሱን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ከተባላችሁ ሌላው የት እንደሚገኝ ጠይቁና ሪፈር አጽፉ። ፀረ ኤችአይቪ ያልጀመረ ሰው ማጅራት ገትሩ ከተገኘበት ደግሞ ወዲያው አይጀምርም፣ የፈንገሱ ሕክምና ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል፣ ቶሎ ከተጀመረ ሊገድለው ይችላል። እየወሰደ ያለ ሰው ግን በራሱ እንዳያቆም።

ኤችአይቪ ያለበትን ሰው የሚያጠቁ ሌሎች የፈንገስ በሽታዎችም አሉ። ላቲን አሜሪካ ውስጥ ሂስቶፕላዝሞሲስ የሌሊት ወፍ ኩስ ካለበት አፈር በትንፋሽ ይገባና ትኩሳትና ክሳት ያመጣል፣ ቁርጥ ቲቢ ነው የሚመስለው፣ የቲቢ መድኃኒት እየዋጠ ካልተሻለው የሽንት አንቲጂን ምርመራ ጠይቁ። ደቡብ ምሥራቅ እስያ ደጋ ላይ ደግሞ ታላሮማይኮሲስ አለ፣ ፊት ላይ መሃላቸው ጎድጎድ ያሉ እብጠቶች ካያችሁ እሱን ጠርጥሩ። ደረቅ ሳልና ትንሽ ሲራመድ ትንፋሽ ማጠር ከሆነ ኒሞሲስቲስ የሚባለው የሳንባ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ክኒን ይከላከላል፣ ስለዚህ ሐኪም አቁም እስኪለው ድረስ ይዋጥ።

የባህል ሐኪሙን ደግሞ አትጣሉት፣ ሰዉ ከናንተ በፊት እሱ ጋ ነው የሚሄደው። ከሳምንት ያለፈ ራስ ምታት ሲመጣበት እንዲደውል ስልካችሁን ስጡት፣ የማንንም የኤችአይቪ ውጤት ግን ለሱም አትንገሩ።