የኢትዮጵያን ቀን በሶፍትዌር ውስጥ በትክክል ማስላት

ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ 8 ቀንሶ መገላገል አይሠራም። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7 ዓመት ነው፤ 8 የሚሆነው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አቀማመጡን ይወስኑ። ዳታቤዙ ውስጥ የሚገባው የጎርጎርዮሱ ቀን ይሁን፤ የእኛው ተጠቃሚው ሲሞላና ሲያነብ ብቻ ይቀየር። የኢትዮጵያን ቀን በቀን ዓምድ ላይ እንዳለ ካስገቡ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜንን አይቀበልም። ይህን ለማምለጥ በጽሑፍ ማስቀመጥ ደግሞ ይብሳል፤ 10ኛው ወር ከ2ኛው ቀድሞ ይደረደራል።

መቀየሪያው በጁሊያን ቀን ቁጥር፣ ማለትም ቀናትን ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ ያለማቋረጥ በሚቆጥር ቁጥር፣ በኩል ያልፋል። ማካፈሉ ሁሉ በሙሉ ቁጥር ነው፣ ክፍልፋዩ ይጣላል፦

ቁጥር = 1723856 + 365 × ዓመት + ዓመት ÷ 4 + 30 × ወር + ቀን − 31

ከውጤቱ 2440588 ሲቀነስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያሉት ቀናት ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለፕሮግራሚንግ ቋንቋው የቀን ላይብረሪ ይተዉለት። መስከረም 1 ቀን 2000 በዚህ መንገድ 2454356፣ ከዚያም 13768 ይሰጣል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው።

ለመመለስ፦

ልዩነት = ቁጥር − 1723856
ቀሪ = ልዩነት ለ1461 ተካፍሎ የሚተርፈው
ዓመት = 4 × (ልዩነት ÷ 1461) + ቀሪ ÷ 365 − ቀሪ ÷ 1460
ተራ = ቀሪ ለ365 ተካፍሎ የሚተርፈው + 365 × (ቀሪ ÷ 1460)
ወር = ተራ ÷ 30 + 1
ቀን = ተራ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው + 1

በ1460 የሚካፈለው ክፍል ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ካወጡት ግን ጳጉሜን 6 የቀጣዩ ዓመት መስከረም 1 ሆኖ ይመጣል። ስህተቱ የሚታየው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስለሆነ ተራ ፍተሻ አይዘውም። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆኑን፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 መሆኑን በፍተሻው ውስጥ ያካትቱ። ፎርሙ ጳጉሜን 6ን መፍቀድ ያለበት ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፈው ብቻ ነው።

ጃቫስክሪፕት ላይ ማሳየት ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ አብሮት የሚመጣው ኢንትል (Intl፣ ቀንንና ቁጥርን በየአገሩ አጻጻፍ የሚያሳየው ክፍል) የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። በ2017 ፋንታ 7517 ካሳየዎት የመረጡት የዓመተ ዓለሙን ነው። ተጠቃሚው የጻፈውን ወደ ጎርጎርዮስ ለመመለስ ግን ኢንትል አይረዳም፤ ቀመሩ ያስፈልግዎታል።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ሳለ በአንድ ቀን ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ቀመሩን አይንኩ። አዲስ አበባ ከዩቲሲ (UTC፣ የዓለም መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ የእኩለ ሌሊቱ ሰዓት ወደ ዩቲሲ ሲቀየር ያለፈው ቀን 21፡00 ይሆናል። ቀን ብቻ በሚያስፈልግበት ቦታ ሰዓት ያለበትን ዓይነት አይጠቀሙ።

የወር ክፍያ ላይ ኮድ ከመጻፍዎ በፊት የሒሳብ ክፍሉን ይጠይቁ። ከነሐሴ 30 ላይ «አንድ ወር ጨምር» ሲባል ጳጉሜን 30 የለም፤ ወደ ጳጉሜን 5 ይውረድ ወይስ ወደ መስከረም 30 ይለፍ የሚለውን ፕሮግራመር ብቻውን መወሰን የለበትም።